የቀኝ መስኮት ወይስ የግራ? እይታ ፈልጎ ወንበር ለሚመርጥ

#1 መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ከናይሮቢ ወደ ዳሬሰላም በሚሄድ በረራ ላይ ኪሊማንጃሮ የሚታየው በየትኛው በኩል ነው? ፈልጌ ካገኘኋቸው መልሶች ግማሾቹ ቀኝ፣ ግማሾቹ ግራ ይላሉ። ለዚህ መንገድ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም በረራ ራሴ አስልቼ መምረጥ እንድችል አካሄዱን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። በወንበር ቁጥር ላይ ያሉት ፊደሎች የትኛውን ጎን እንደሚያመለክቱም ብታክሉበት።

#2 ካርታ_አንባቢ

ወንድሜ፣ መልሱ ቀኝ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ግራ። መልሶቹ የተምታቱት ሰዎች መሄጃውን ከመመለሻው ሳይለዩ ስለሚጽፉ ነው።

ስሌቱን እንየው። የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ በደቡብ 1.32፣ በምሥራቅ 36.93 ዲግሪ ላይ ይገኛል። የዳሬሰላሙ በደቡብ 6.88፣ በምሥራቅ 39.20 ነው። የኪሊማንጃሮ ጫፍ በደቡብ 3.07፣ በምሥራቅ 37.36። ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ መስመር ብታገናኛቸው፣ መስመሩ ከተራራው ጎን ሲደርስ (ማለትም ደቡብ 3.07 ላይ) በምሥራቅ 37.64 ገደማ ያልፋል። ተራራው ከዚያ 0.28 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይርቃል። በምድር ወገብ አካባቢ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 31 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ መስመሩ ሰያፍ በመሆኑ በአጭሩ ሲለካ ወደ 29 ይወርዳል። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ሲበር ምዕራብ በቀኙ ነው። ስለዚህ ቀኝ።

ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ግድ አይደለም። በጉግል ኧርዝ ላይ ያለው የርቀት መለኪያ ከመነሻ እስከ መድረሻ መስመር ያሰምርልሃል፤ ከመስመሩ እስከ ተራራው፣ እስከ ሐይቁ ወይም እስከ ከተማው ያለውን ርቀትም ለክተህ ታገኛለህ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ግን በማስመሪያ አታስምር። ረጅም በረራ የሚከተለው የምድርን ክብ ነው፤ ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄደው አውሮፕላን ግሪንላንድን አቋርጦ የሚያልፈው ለዚህ ነው። በጠፍጣፋው ካርታ የሄደ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ አትላንቲክን የሚያይ ይመስለዋል።

ጎኑን ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ያዝ፦ አውሮፕላኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ዲግሪ ላይ 90 ስትደምር ቀኝህን ታገኛለህ። ወደ ሰሜን ሲበር ቀኙ ምሥራቅ፣ ወደ ምሥራቅ ሲበር ቀኙ ደቡብ፣ ወደ ደቡብ ሲበር ምዕራብ፣ ወደ ምዕራብ ሲበር ሰሜን።

ፊደሎቹን በተመለከተ፣ ኤ ፊትህን ወደ አፍንጫው አድርገህ ስትቀመጥ በግራ በኩል ያለው መስኮት ነው። በየረድፉ ስድስት ወንበር ባላቸው እንደ ኤርባስ 320 እና ቦይንግ 737 ባሉት የቀኙ መስኮት ኤፍ ነው። ሁለት መተላለፊያ ባላቸው ትልልቆቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ኬ ይሆናል፤ ጄ ወይም ኤል የሚሉም አሉ። አይ የሚባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር ስለሚመሳሰል ይዘለላል። ሁለት ሁለት ወንበር ባላቸው ትንንሾቹ ላይ የቀኙ መስኮት ዲም ኤፍም ሊሆን ስለሚችል የወንበር ካርታውን ሳታይ በልምድ አትምረጥ።

#3 ሪቬት

ጎኑ ብቻ አይበቃም። ረድፉን ካልመረጥክ በትክክለኛው ጎን ተቀምጠህም ክንፍ ብቻ እያየህ ልትደርስ ትችላለህ።

በአንድ መተላለፊያ አውሮፕላኖች ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫዎቹ መካከለኛ በሮች ከክንፉ በላይ ናቸው። በወንበር ካርታው ላይ እነሱን ፈልግና ቢያንስ አምስት ስድስት ረድፍ ወደ ፊት፣ ወይም ስምንት ያህል ረድፍ ወደ ኋላ ሂድ። ከሁለቱ ፊቱ ይሻላል። ከክንፉ ኋላ ስትሆን የሞተሩ ትኩስ ጭስ በአንተና በመሬቱ መካከል ያልፋል፤ በዓይን ብዙም አይታወቅም፣ በፎቶ ላይ ግን ከእሳት በላይ ያለ አየር ሲርገበገብ እንደሚታየው መልክዓ ምድሩን ያደበዝዘዋል። ሌንሱ ረጅም በሆነ መጠን ይብስበታል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መስኮቱና ወንበሩ የሚለኩት በተለያየ መለኪያ መሆኑን ነው። መስኮቶቹ የሚቀመጡት በአውሮፕላኑ አጽም ቀለበቶች መካከል ነው፤ በኤርባስ 320 አንዱ ቀለበት ከሌላው 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወንበሮቹን ግን አየር መንገዱ በሐዲድ ላይ ከ71 እስከ 81 ሴንቲ ሜትር ባለው ልዩነት እንደፈለገ ይደረድራቸዋል። ሁለቱ ስለማይገጥሙ አንዱ ረድፍ ሁለት መስኮት ሲደርሰው ሌላው በትከሻው ልክ ግድግዳ ይደርሰዋል። መስኮቱ ከፊትህ ወንበር ጀርባ ጋ ከሆነ ጎንበስ ብለህ ታያለህ፤ ከኋላህ ከሆነ ግን አንገትህን እየጠመዘዝክ ነው።

በ737 ላይ ደግሞ ጨርሶ መስኮት የሌለው ቦታ አለ። የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ከሆዱ ወደ ጣሪያው የሚወጣው ከክንፉ ፊት በግድግዳው ውስጥ ስለሆነ እዚያ መስኮት አልተሠራም። በ737-800 አብዛኛውን ጊዜ በ9ኛውና በ12ኛው ረድፍ መካከል ነው፤ በአንዳንድ አየር መንገዶች አደራደር 11ኤ ላይ ይወድቃል። የወንበር ካርታው ግን “የመስኮት ወንበር” ብሎ ነው የሚያሳየው።

ክንፋቸው ከጣሪያ በላይ የሆኑት ኤቲአር 72 እና ዳሽ 8 ቁልቁል ለማየት እጅግ ጥሩ ናቸው። የሚከልሉት ሞተሩና ፕሮፔለሩ ብቻ ስለሆኑ ከእነሱ ኋላ ያለው ረድፍ ይሻላል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ዳሽ 8 ላይ ጎማው የሚወርደው ከሞተሩ ቤት ነው፤ ከስሩ ብትቀመጥ በመነሻና በማረፊያ ጊዜ እይታህ ጎማ ይሆናል። ሞተራቸው ጅራት አካባቢ የሆኑት እንደ ሲአርጄ ያሉት ላይ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ተዋቸው።

#4 ሰማያዊት

ካርታ_አንባቢ ያለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላን ሁልጊዜ ቀጥታ መስመር ላይ አይበርም። የአየር መተላለፊያ መስመሮች አሉ፣ ወታደራዊ ክልሎች አሉ፣ ነጎድጓድ ሲኖር ዞሮ ማለፍ አለ። ስለዚህ ቀጥታ መስመሩን ካየህ በኋላ ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር በሚባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ የዚያኑ የበረራ ቁጥር ያለፉ ቀናት መንገድ ክፈት። ሦስት አራት ቀን ተመልከት። አራቱም በተራራው በአንድ በኩል ካለፉ ወንበሩን ያለ ስጋት ምረጥ። ሁለቱ በዚህ፣ ሁለቱ በዚያ ካለፉ ግን ተራራው ለመንገዱ በጣም ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ያኔ በፀሐዩ አቅጣጫ ወስን።

“በጣም ቅርብ” ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመስኮት ቀጥታ ቁልቁል አይታይም። አውሮፕላኑ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ከዓይን ደረጃ 45 ዲግሪ ዝቅ ብለህ የምታየው መሬት 11 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን የራቀው ነው። 30 ዲግሪ ዝቅ ብለህ የምታየው 19 ኪሎ ሜትር፣ 10 ዲግሪ ከሆነ 62 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አድማሱ ራሱ 370 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ድረስ ግን ጭጋጉ አያሳይህም። ለተራራና ለሐይቅ ምቹው ርቀት ከ15 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የቀረበው ከሆዱ ስር ይገባል፣ የራቀው ይገረጣል።

ክንድህን ዘርግተህ ቡጢህን ብታነሳ ቡጢው 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ነው፤ በ10.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ 29 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲታይ ከዓይን ደረጃ 9 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ቡጢ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ለመስኮት ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

#5 ዋልያ_በረራ

ይህ ሁሉ ስሌት ሳያስፈልግ ግራ መምረጥ ነው። አብራሪው በግራ ስለሚቀመጥ ሲያርፉ ዙሩ ወደ ግራ ነው፤ ሲዞሩ ደግሞ መሬቱ የሚታየው ክንፉ ባጋደለበት በኩል ነው።

#6 ካርታ_አንባቢ

ወንድሜ ዋልያ፣ ሁለተኛው ነጥብህ እውነት ነው፤ አውሮፕላኑ ሲዞር ወደ ውስጥ ያለው ጎን መሬቱን ያያል፣ ውጭ ያለው ሰማዩን። የመጀመሪያው ግን የሚሠራው በአብዛኛው ለትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። የተለመደው የማረፊያ ዙር የግራ መሆኑ እውነት ቢሆንም ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በራዳር እየተመሩ ከሩቅ ስለሚሰለፉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራሉ።

ማረፊያው ላይ የሚወስነው ነፋስ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። የማኮብኮቢያ ቁጥር ደግሞ አቅጣጫውን ይነግርሃል፤ በ10 ስታባዛው ዲግሪው ይወጣል። 27 ማለት ወደ ምዕራብ፣ 09 ማለት ወደ ምሥራቅ ነው።

ጄኔቫን ተመልከት። ማኮብኮቢያው 04 እና 22 ነው። በ22 ሲያርፉ ከሐይቁ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚመጡ ሞን ብላንና አልፕስ በግራ ናቸው። ነፋሱ ተለውጦ በ04 ሲያርፉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጡ ያው ተራራ በቀኝ ይሆናል። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፣ ነፋሱ ነው የዞረው። “ለጄኔቫ ግራ” ወይም “ለጄኔቫ ቀኝ” የሚል ምክር ከነፋሱ ውጭ ግማሽ መልስ ነው። ከበረራው ቀደም ባለው ምሽት የአየር ትንበያውን የነፋስ አቅጣጫ ማየት በቂ ነው።

ለንደን ሂትሮው ላይ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ነው፤ ስለዚህ በ27 ያርፋሉ፣ መሃል ከተማውና ቴምስ በቀኝ ይታያሉ። ዋሽንግተን ሬገን ላይ በጥሩ አየር ወደ ደቡብ ሲያርፉ የፖቶማክን ወንዝ ተከትለው ስለሚወርዱ ሐውልቶቹ በግራ ናቸው፤ ወደ ሰሜን ሲነሱ ደግሞ በቀኝ።

#7 ዋልያ_በረራ

ገብቶኛል። የማኮብኮቢያ ቁጥሩን እንደዚያ ማንበብ እንደሚቻል አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

#8 መንገደኛ

በጣም ጠቀማችሁኝ። ፀሐይስ? ጎኑ ትክክል ሆኖ ፀሐይ ፊት ለፊት ብትመጣ ምን ይደረጋል?

#9 ብርሃንና_ጥላ

ፀሐይ ባለችበት ጎን ስትቀመጥ ሦስት ነገር ይበላሻል። ጭጋጉ ነጭ ሆኖ ይበራል፣ የመስኮቱ ጭረትና የጣት አሻራ በሙሉ ይታያል፣ ተራራው ደግሞ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን መሬቱ ቀለሙን ይዞ ይበራል። ጠዋት ምሥራቅን፣ ከሰዓት ምዕራብን የሚያየውን ጎን አስወግድ። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ፣ ከሐሩሩ ክልል ውጭ፣ እኩለ ቀን ላይ ደቡብ የሚያየውን አስወግድ፤ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ደግሞ ሰሜን የሚያየውን።

ይህ ሲባል ግን ቀትር ላይ በየትኛውም ጎን መልክዓ ምድሩ ጠፍጣፋ ነው። ሸለቆና ገደል፣ የበረሃ አሸዋ ሞገድ የሚለዩት በረጅም ጥላ ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመግባቷ በፊት ባሉት ሁለት ሁለት ሰዓቶች የሚበር መምረጥ ነው። ጠዋት ሌላም ጥቅም አለው። በሞቃት አገር ተራራ ላይ መሬቱ ሲሞቅ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣና ረፋዱ ላይ ደመና ጫፉን ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው በረራ ከሁሉም ይሻላል የሚባለው በምክንያት ነው።

ከፀሐይ ተቃራኒ በኩል መቀመጥ አንድ የማይጠበቅ ስጦታም አለው። ከስር ደመና ካለ የአውሮፕላኑን ጥላ ፈልግ፤ በዙሪያው በቀለማት የተከበበ ክብ ብርሃን ታያለህ። የክቡ መሃል የሚያርፈው በትክክል አንተ በተቀመጥክበት ቦታ ጥላ ላይ ነው። ፊት የተቀመጠ ሰው ክቡን አፍንጫው አጠገብ ያየዋል፣ ኋላ የተቀመጠው ጅራቱ አጠገብ። ደመናው ሲቀርብ ጥላው ይተልቃል፣ ቀለበቱ ግን መጠኑ ብዙም አይለወጥም።

የፀሐይ መውጫና መግቢያ ራሱ ከሆነ የተፈለገው ነገሩ ይገለበጣል። በምሽት ወደ ምዕራብ ሲበሩ ጀምበሯ ትረዝማለች። ምድር በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ትዞራለች፤ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን 835 ብቻ ነው፤ ይህ የጄት አውሮፕላን ፍጥነት ነው። ስለዚህ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ጀምበርን ለሰዓታት ሊከተላት ይችላል። ሌሊቱን ወደ ምሥራቅ ለሚበር ደግሞ ንጋት ከፊት ይመጣል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ትንሽ ወደ ግራ፣ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ትንሽ ወደ ቀኝ።

#10 ሰማያዊት

የሌሊቱ ነገር ከተነሳ፣ የሰሜን ዋልታ ብርሃን ለማየት ሰሜንን የሚያየው ጎን ነው የሚመረጠው። ከሰሜን አሜሪካ ወደ አውሮፓ በሌሊት ሲበሩ ግራ ማለት ነው። የውስጡ መብራት በመስኮቱ ላይ ስለሚንጸባረቅ ራስንና መስኮቱን በብርድ ልብስ ወይም በጃኬት መሸፈን ያስፈልጋል፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሡ። መጀመሪያ ላይ ግራጫ ደመና የሚመስል ነገር ካያችሁ አትለፉት፤ ደካማው ብርሃን ለዓይን ቀለም የለውም፣ ካሜራው ግን አረንጓዴውን ይይዘዋል።

መንገዶችንም ልጨምር። ሁሉም ለመሄጃው ናቸው፤ ሲመለሱ ይገለበጣሉ። ከዴልሂ ወደ ካትማንዱ ግራ፤ ዳውላጊሪና አናፑርና የሚባሉት የሂማላያ ተራሮች በዚያ ናቸው። ከካትማንዱ ወደ ሉክላም ሆነ ወደ ፓሮ ግራ፤ ወደ ፓሮ ሲሄዱ ኤቨረስት በዚያው በኩል ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ግን ሂማላያ በደመና ይሸፈናል። ከሳንቲያጎ ወደ ሜንዶዛ ግራ፤ 6,961 ሜትር የሆነው አኮንካጉዋ ከቀጥታ መስመሩ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይገኛል። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሲያትል ቀኝ፣ ለሬይኒየር ተራራ። ከኦሳካ ወደ ቶኪዮ ሃኔዳ ግራ፣ ለፉጂ።

#11 ብርሃንና_ጥላ

ፎቶ ለሚያነሱ። የውስጠኛው ፕላስቲክ የግፊት ተሸካሚ አይደለም፤ ጭረት መከላከያ ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከእሱ ኋላ ባለው መስታወት ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለውን ግፊት ታመጣጥናለች። በረጅም በረራ በዙሪያዋ በረዶ ይሠራል፤ እያደር ይሰፋል። ስለዚህ ንጹሑ መስታወት ያለው ከተነሱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ሌንሱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ እንጂ አታስነኩት፤ ንዝረቱ ወደ ካሜራው ይገባል። ነጸብራቁን ለመከላከል በጥቁር ጨርቅ ክበቡት። ፍላሽ ይጥፋ። ሹተር ከሴኮንድ 1/500ኛ አይውረድ፤ ዝቅ ብለው ሲበሩ 1/1000ኛ። ፎከሱን በእጅ ሩቅ ላይ ቆልፉት፤ ካልሆነ ካሜራው ጭረቱን ይይዛል። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ሩቅ ያለ ነገር ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ይቆልፈዋል። ፖላራይዘር ማጣሪያ አውልቁ፤ የመስኮቱ ፕላስቲክ ተወጥሮ የተሠራ ስለሆነ በማጣሪያው ሲታይ የቀስተ ደመና ቀለም ይወጣበታል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽርም ያንኑ ያሳያል።

#12 ሪቬት

ስለ ቦይንግ 787 አንድ ነገር። መስኮቱ 47 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሌሎቹ ስለሚረዝም መሃል ወንበር ላይ ያለውም ሰው አድማሱን ያያል። የሚጎተት መዝጊያ የለውም፤ በአዝራር ይጠቁራል። አስተናጋጆቹ ሁሉንም በአንድ ላይ አጥቁረው ሊቆልፏቸው ስለሚችሉ በረጅም የሌሊት በረራ ንጋትን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ በትሕትና ይጠይቃቸው።

አውሮፕላኑ ሊቀየር እንደሚችልም አትርሱ። ኤርባስ ላይ የመረጣችሁት 7ኤፍ በ737 ሲተካ ቁጥሩ ያው ሆኖ መስኮቱ ይለወጣል። ቼክ-ኢን ሲከፈትና ከመሳፈር በፊት የአውሮፕላኑን ዓይነት እንደገና ተመልከቱ።

#13 መንገደኛ

ለጥዋት በረራ ቀኝ፣ ፊተኛ ረድፍ ብዬ ልያዝ ማለት ነው? ከተነሳ በስንት ደቂቃ ልጠብቀው?

#14 ካርታ_አንባቢ

አዎ፤ ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ፣ ማለትም ከግራው በኩል ናት፤ ቀኙ ጥላ ነው፣ ተራራው ደግሞ ፊቱ በርቶ ይጠብቅሃል። ከናይሮቢ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከጎንህ ይደርሳል፤ ከተነሳ 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ከ12ኛው ደቂቃ ጀምረህ ግን ከመስኮቱ ዓይንህን አታንሳ፤ ፊተኛ ረድፍ ላይ ስለሆንክ መጀመሪያ ከፊት በኩል ነጩ ጫፍ ብቻውን ከደመናው በላይ ይወጣልሃል። ከጎንህ አልፎ ክንፉ እስኪከልለው ሦስት አራት ደቂቃ አለህ።

#15 መንገደኛ

6ኤፍ ክፍት ነው፤ የአውሮፕላኑን ዓይነት አይቼ አሁኑኑ እይዘዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።